ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994፣ «አስቴር ከምትባል ሴት ጋር ሌሊቱን ያሳልፋል» የሚል ወሬ ተወርቶብኝ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) የወሬው ምንጭ እኔው ራሴ ነኝ። በዋሽንግተን መካከል ባለ አንድ የምድር ውስጥ ፓርኪንግ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፈረቃውን የሚረከበኝ ያገሬ ልጅ ዐይኔ ደም መስሎ ቢያየኝ፣ «ምነው ወንድሜ፣ ምን ሆነህ አደርህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ዋዛ «ከአስቴር ጋር አምሽቼ ነው» አልሁት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ አንዲት እናት ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ መቼም ያገር ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ላክና በወግ በማዕርግ አግባት» ብለው መከሩኝ።

ፍሬድ አስቴር በ1899 ተወልዶ በ1987 ያረፈ፣ ጠጉሩ የሳሳ፣ አገጩ የረዘመ፣ ቀጭን ፈረንጅ ጨፋሪ መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርሁ። የገባቸው አልመሰለኝም። እኔም ብሆን በሞት ለተለየ ፈረንጅ ጨፋሪ ይህን ያህል የምነሆልልበትን ምክንያት፣ ከፍቅሩም ጋር የደበቅሁትን ነገር፣ በውል የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያስረዳችኝም ልጄ ናት።

የሥራ ቦታዬ ሁለት ሰው የማትይዝ የመስታወት ዳስ ነበረች። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ትቶት የሄደ ትንሽ ቴሌቪዥን ከጥግ ተቀምጧል፤ አንቴናው ተሰብሮ በልብስ መስቀያ ሽቦ ተተክቷል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ መኪና የሚባል ዝር አይልም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንዱ ጣቢያ የጥንት ፊልሞችን ያሳይ ነበር። ንግግሩ ይፈጥንብኛል፤ ከአምስት ቃል ሁለቱን ብይዝ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ጂኦግራፊ በእንግሊዝኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ይሁን እንጂ ከመጽሐፍ የተማሩት እንግሊዝኛና በአሜሪካኖች አፍ የሚሮጠው እንግሊዝኛ ዝምድናቸው የሩቅ መሆኑን የደረሰበት ያውቀዋል። እግር ግን አስተርጓሚ አያሻውም።

መጀመሪያ ያየሁት «ቶፕ ሃት» የተባለውን የ1935 ፊልም ነው። አስቴር ለንደን በሚገኝ አንድ ሆቴል፣ በወዳጁ ክፍል ውስጥ በሌሊት ይጨፍራል። የጫማው ሶል ብረት ተመትቶበታል፤ ወለሉን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። ከሥሩ ባለው ክፍል የተኛችው ጂንጀር ሮጀርስ ከእንቅልፏ ባንና በቁጣ ወደ ላይ ትወጣለች። ይተያያሉ። እርሷ ተመልሳ ስትተኛ እርሱ አሸዋ አንሥቶ ወለሉ ላይ ይበትናል፤ በአሸዋው ላይ ጫማውን ቀስ አድርጎ እያሻሸ፣ ሕፃን እሹሩሩ እንደሚል ሰው ይጨፍርላታል። ሴቲቱም እንቅልፍ ይወስዳታል። አንድም የፍቅር ቃል አልተነገረም። እኔ ከምድር በታች ሆኜ፣ ከራሴ በላይ የተኛችውን የማላውቃትን ከተማ እያሰብሁ፣ እንባዬ መጣ። በዚያ ዓመት ለእኔ እንቅልፍ የተጨነቀ ሰው አልነበረም።

አብረውኝ የሚሠሩ አሜሪካውያን በእነዚህ ፊልሞች ይሥቁ ነበር፤ «ሰው እንዴት መንገድ ላይ እየሄደ ድንገት ይዘፍናል?» ይላሉ። እኔ አልደነቀኝም። አንደኛ፣ በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሳንቲም አጠራቅመን የምናየው የህንድ ፊልም ነበርና ዝናብ ሲመጣ ዘፈን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ እኛ ዘንድም ነገር ከአቅም በላይ ሲሆን ንግግር ወደ ግጥም ይዞራል። ጀግናው ይፎክራል፤ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ ሠርገኛው ይዘፍናል። ልዩነቱ በየትኛው የአካል ክፍል እንደምንናገር ነው። በእስክስታ የሚናገረው ትከሻ ነው፤ እግር መሬቱን ይዞ ይጠብቃል። በታፕ ጭፈራ ደግሞ ላይኛው አካል የረጋ፣ ነገር የሚያወራው እግር ነው። ትከሻው የማይንቀሳቀስ ሰው እንዲህ ሊጨፍር መቻሉ መጀመሪያ አስገረመኝ፤ በኋላ ግን እግሩን ማዳመጥ ለመድሁ።

ዘመኑንም ማሰብ ያስፈልጋል። አስቴርና ሮጀርስ አብረው የሠሯቸው ፊልሞች ዐሥር ናቸው፤ ዘጠኙ ከ1933 እስከ 1939 የወጡ ሲሆን ዐሥረኛው በ1949 ተጨምሯል። በ1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። ኪሱ ባዶ የሆነ ሕዝብ በጥቂት ሳንቲም ጨለማ አዳራሽ ገብቶ፣ ነጭ በነጭ የሆነ ሆቴልና የሐር ቀሚስ ያያል። ይህን ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ በሰዓት ጥቂት ዶላር እየተከፈለኝ በዚያች ዳስ ውስጥ ሳየው ግን ማረፊያ ነበር።

አስቴር ለካሜራው አንድ ሕግ ነበረው። ሲጨፍር መላ አካሉ፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ፣ እንዲታይ ይፈልጋል፤ ጭፈራውም በተቻለ መጠን ሳይቆራረጥ እንዲቀረጽ። በዚያው ዘመን ቡዝቢ በርክሌይ የተባለው የጭፈራ አዘጋጅ ካሜራውን ከጣሪያ ሰቅሎ፣ ብዙ ሴቶችን በክብ አሰልፎ፣ የአበባ ቅጠል ሲያስመስላቸው ነበር። ያማረ ነው፤ ግን ሰው ወደ ጌጥነት ይለወጣል። የአስቴር መንገድ ሌላ ነው። ሐሰት የሚገባው በስፌት በኩል ነውና ስፌቱን ማሳነስ ይሻል። በ«ቶፕ ሃት» ሮጀርስ የላባ ቀሚስ ለብሳ ከእርሱ ጋር ስትጨፍር፣ ልብ ብሎ ላየ ሰው ላባው እየተነቀለ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ይታያል። ያንን አልደበቁትም። እኔ ያችን የምትወድቅ ላባ ከጭፈራው ሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ።

ከሁሉ የወደድሁት ፊልም ግን በ1936 ጆርጅ ስቲቨንስ ያዘጋጀው «ስዊንግ ታይም» ነው። ሮጀርስ የጭፈራ አስተማሪ ናት፤ አስቴር መጨፈር የማይችል መስሎ ተማሪ ሆኖ ይቀርባል፤ እየተደናቀፈ አብሯት ይወድቃል። ተስፋ ቆርጣ «መጨፈር አትማርም፤ ገንዘብህን አታባክን» ትለዋለች። አሠሪዋ ይህን ሰምቶ ከሥራ ያባርራታል። ያን ጊዜ አስቴር፣ «እስኪ ምን ያህል እንዳስተማረችኝ ይዩ» ብሎ ይነሣና አብረው ወለሉን ያነዱታል። ይህን ክፍል ያየ ስደተኛ ሁሉ የሚገባው ነገር አለ። አገሩ ሳለ መምህር፣ ነርስ፣ መሐንዲስ የነበረ ሰው፣ እዚህ ሲመጣ መጥረጊያ አያያዝ ያሠለጥኑታል፤ እርሱም የማያውቅ መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። አስመስሎ መደናቀፉ የጨዋታው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ፣ ተነሥቶ የሚችለውን የሚያሳይበት ቀን፣ ለብዙዎቻችን አልመጣም። በፊልሙ ውስጥ ግን በሦስት ደቂቃ ይመጣል።

እንግዲህ ጉድለታቸውንም ልናገር። የእነዚህ ፊልሞች ታሪክ ከሸረሪት ድር የሳሳ ነው። በ«ቶፕ ሃት» ሴቲቱ ሰውየውን የጓደኛዋ ባል ነው ብላ ትሳሳታለች፤ ፊልሙም እስከ መጨረሻው የሚሄደው በዚህች ስሕተት ላይ ነው። «ስምህ ማን ይባላል?» ብላ ብትጠይቀው ሁሉም ነገር ያበቃል። አንድ የሰፈር ሽማግሌ መካከላቸው ቢገባ በዐሥር ደቂቃ ታርቀው ቡና ይጠጡ ነበር። ሴት ልጅ «እምቢ» ስትል «እሺ» ማለቷ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ወንዱ እየተከተለ ይነዘንዛታል፤ መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ያሸንፋታል። ቬኒስም ቬኒስ አይደለችም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራች ናት።

ከዚህ የከበደው ጉድለት ድካምን መደበቃቸው ነው። «ስዊንግ ታይም» መጨረሻ አካባቢ ያለው የስንብት ጭፈራ ከአርባ ጊዜ በላይ እንደተቀረጸ፣ የሮጀርስም እግር ደምቶ እንደነበር ይነገራል። በእነዚያ ፊልሞች የእርሷ ነው ብለን የምንሰማው የጫማ ምት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ረዳት የጭፈራ አዘጋጁ ሄርሚስ ፓን በኋላ የቀረጸው ነው። በ1952 በወጣው «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ጂን ኬሊ በዝናብ ውስጥ በደስታ የሚጨፍረው ትኩሳት ይዞት ሳለ ነው፤ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዴቢ ሬይኖልድስም እግሯ እስኪደማ ሠርታለች። ያ ፊልም የሚናገረው በሌላ ሰው ድምፅ ስለምትዘፍን ተዋናይት ነው፤ ባለ ድምፅ ሆና የምትታየው ደግሞ ራሷ ሬይኖልድስ ናት። ነገር ግን ከዘፈኖቿ አንዱን በእርሷ ፈንታ የዘፈነችው ስሟ ያልተጠቀሰላት ቤቲ ኖይስ ናት።

በዚህ ለመፍረድ ግን ምላሴ አይደፍርም። በመጀመሪያው የአሜሪካ ብርድ፣ በተዋስሁት ካፖርት፣ የሌላ ሰው መኪና ተደግፌ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላው ነበር። ፎቶግራፉ ከጉልበቴ በላይ ነው። ያላሳየው እግሬን ነው፤ ቀን ምግብ ቤት ሳህን ሲያጥብ ቆሞ ውሎ ያበጠውን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በ«ስዊንግ ታይም» ውስጥ «ቦጃንግልስ ኦቭ ሃርለም» የሚባል ክፍል አለ። አስቴር ፊቱን በጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ለዐይን የሚያስጠላ ልብስ ለብሶ ይወጣል። ይጨፍራል። ከኋላው በግድግዳው ላይ ሦስት ግዙፍ ጥላዎቹ አብረውት ይጨፍራሉ፤ በመጨረሻ ሊከተሉት አቅቷቸው ትተውት ይሄዳሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ዳስ ውስጥ ሳየው ሣቅሁ። ከት ብዬ ሣቅሁ። ያ የተቀባ ፊት እኔን ሊመስል የተቀባ መሆኑን አልጠረጠርሁም። ያን ጊዜ ሐበሻ ብቻ ነበርሁ፤ ጥቁር መሆኔን ገና አልተማርሁም።

የተማርሁት ቀስ በቀስ ነው። አንድ ሌሊት ከሥራ ስወጣ ፖሊስ አስቁሞ፣ እጄን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈተሸኝ። የሚፈለግ ሰው እንዳለ ነገረኝ፤ የሰጠኝ መግለጫ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ያቺን ቃል እንኳን እኔ፣ የሠፈሬ ሰው ሁሉ ያሟላታል። በማግስቱ ፓርኪንጉን የሚያጸዱትን አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ ይህን ሳጫውታቸው፣ ወሬ ወሬን አንሥቶት ያንን ፊልም ነገርኋቸው። ሳቄን ግን አልነገርኋቸውም። ነጭ ተዋንያን ከ1830ዎቹ ጀምሮ በተቃጠለ ቡሽ ፊታቸውን እያጠቆሩ፣ ጥቁሩን ሰነፍ፣ ሌባና ቂል አድርገው እያሳዩ ሕዝብ ሲያሥቁ መኖራቸውን አስረዱኝ። «ቦጃንግልስ» የሚለውም የቀልድ ስም መስሎኝ ነበር። የሰው ስም ነው። ቢል ሮቢንሰን የተባለ፣ በ1878 ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ የተወለደ፣ በዘመኑ ከነበሩት የታፕ ጨፋሪዎች ሁሉ በላይ ስሙ የገነነ ጥቁር አሜሪካዊ መጠሪያ ነው። አስቴር ያንን ክፍል የሠራው እርሱን ለማክበር ነው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ያ ፊልም ሲሠራ ሮቢንሰን በሕይወት ነበረ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ይጨፍር ነበር። ባንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ዘ ሊትል ኮሎኔል» በተባለው ፊልም ከሕፃኗ ሸርሊ ቴምፕል ጋር ደረጃ ላይ ያንን የታወቀ ጭፈራ ሲጨፍር የተሰጠው ቦታ የቤት አሽከር መሆን ነው። ክብሩ ለስሙ ተሰጠ፤ መድረኩ ለሌላው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ፊልሙን ማየት አልተውሁም። ዲቪዲውን ገዛሁት። እዚያ ክፍል ላይ ስደርስ ግን ሪሞቱን ተጭኜ ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ። ለዓመታት እንዲህ አደረግሁ።

በ2013 ልጄ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በእግርና በእጃቸው እየመቱ የሚያሳዩትን «ስቴፕ» የሚባል ጭፈራ ትለማመድ ነበር፤ የቤታችን ወለል ከእግሯ ምት የተነሣ ዕረፍት አጥቷል። ደስ ይላት እንደሆነ ብዬ አንድ ቅዳሜ ማታ «ስዊንግ ታይም»ን ከፈትሁላት። ሣቀች፤ ወደደችው። ያ ክፍል ሲደርስ እጄ እንደ ልማዱ ሪሞቱን ተጫነ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የዘለልኸው?»

«ምንም። አሰልቺ ነው።»

ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ ወደ ኋላ መለሰችው። ቃል ሳንነጋገር እስከ መጨረሻው አየነው። ጥላዎቹ ትተውት ሲሄዱ አቆመችውና ዞር ብላ አየችኝ።

«መጀመሪያ ስታየው ምን አልህ?»

ለልጅ መዋሸት ቀላል ነው፤ ያን ምሽት ግን አንዴ ዋሽቻለሁ። «ሣቅሁ» አልኋት።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ስትሥቅ አላወቅህም። ስትዘለው ግን ታውቅ ነበር» አለችና ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ብቻዬን ተቀምጬ ያሰብሁት ስለ ሊና ሆርን ነው። ያች ድምፀ መረዋ ሴት በ1940ዎቹ በታላላቅ ፊልሞች ውስጥ ስትዘፍን የሚያሳዩዋት ከታሪኩ ነጥለው፣ ለብቻዋ አቁመው ነበር። ምክንያቱም በአሜሪካ ደቡብ ያሉ ሲኒማ ቤቶች ታሪኩ ሳይፋለስ እርሷን ቆርጠው እንዲያወጧት ነው። መቀሳቸውን በንቀት ሳስበው ኖሬያለሁ። የእኔ ሪሞት ከመቀሳቸው በምን ይለያል? እነርሱ ጥቁሯን ቆርጠው ጣሉ፤ እኔ ደግሞ ነጩ በጥቁሩ ላይ የሠራውን ቆርጬ አወጣሁ። ለልጄ አዝኜ ነው ልል እችል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አስቴርን ንጹሕ አድርጌ ለራሴ ማቆየት ፈለግሁ፤ ከእርሱም ጋር ሳቄን ሸሸግሁ። ሳይቆራረጥ መታየት የፈለገውን ሰው እየቆራረጥሁ ወደድሁት።

በሳምንቱ ልጄ ከቤተ መጻሕፍት አንድ ፊልም ተውሳ መጣች። በ1943 የወጣው፣ ተዋንያኑ ጥቁሮች የሆኑበት «ስቶርሚ ዌዘር» ነው። ይቅርታ ማድረጓ ይሁን መልስ መስጠቷ አልጠየቅኋትም። እዚያ ውስጥ ቢል ሮቢንሰን ራሱ አለ፤ ግን ስድሳ አምስት ዓመቱ ሲሆን ፍቅረኛው ሆና የምትታየው ሊና ሆርን ሃያ ስድስት ናት። የዚህኛውም ታሪክ ድር ነው። ወደ መጨረሻው ግን በካብ ካሎዌይ ሙዚቃ ፋያርድና ሃሮልድ የተባሉት ኒኮላስ ወንድማማቾች ይነሣሉ። ጠረጴዛ ላይ፣ ፒያኖ ላይ ይዘላሉ፤ ከዚያ በትልቅ ደረጃ ላይ አንዱ በሌላው ራስ ላይ እየዘለለ፣ በየደረጃው እግሩን ግራና ቀኝ ዘርግቶ እያረፈ፣ ያለ እጅ ድጋፍ እየተነሣ ይወርዳሉ። አስቴር ራሱ በፊልም ከታዩ ጭፈራዎች ሁሉ ይህን አስበልጧል ይባላል። ልጄ አራት ጊዜ አየችው። «የእነርሱ ፊልም የትኛው ነው? ዋና ሆነው የሠሩበት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሆሊውድ እንደዚያ ያለ ፊልም አልሰጣቸውም። ጥቂት ደቂቃ መጥተው፣ አዳራሹን አቃጥለው ይሄዳሉ።

አስቴርን ዛሬም እወደዋለሁ፤ አሸዋውን ሲበትን ዛሬም ልቤ ይላወሳል። «ስዊንግ ታይም»ን ሳይ ግን አልዘልም። ያ ክፍል ሲደርስ አልሥቅም፤ ተነሥቼም አልሄድም። ጥበቡን አያለሁ፤ ቀለሙንም አያለሁ፤ ሁለቱ ባንድ አካል ላይ ናቸውና።

በተከታዩ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄና እኔ መኪና ይዘን ወደ ሪችመንድ ወረድን፤ ከዋሽንግተን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ጃክሰን ዎርድ በሚባለው የጥቁሮች ነባር ሠፈር፣ በአንድ መስቀልኛ መንገድ ላይ፣ በ1973 የቆመ የቢል ሮቢንሰን ሐውልት አለ። ደረጃ እየወረደ ሲጨፍር ነው የተቀረጸው። ሐውልቱ እዚያ የቆመበት ምክንያት አለው፤ ሮቢንሰን ልጆች በመኪና መካከል እየተሽሎከሎኩ ሲሻገሩ አይቶ፣ በአካባቢው የትራፊክ መብራት እንዲተከል ከራሱ ኪስ ከፍሎ ነበር። ልጄ ዙሪያውን ዞረች፤ ጫማውን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶግራፍ ልታነሣው ቆመች። ከትከሻዋ በላይ አየሁት፤ ፊቱ ሞልቶ ገብቷል፤ ከታች ግን ጎድሏል።

«ወደ ኋላ ሂጂ» አልኋት፤ «እግሩ እንዳይቆረጥ።»